ሁለት ደመወዝና የተዋስነው ሶፋ

ቁጥር፦ የራሴን ደብዳቤ በራሴ መዝገብ ማስገባት ስለማይፈቀድልኝ ቁጥር የለውም
ቀን፦ ቤቱን እንድንለቅ ከተሰጠን ሠላሳ ቀን ውስጥ ሃያ አንደኛው

በመርሳ ከተማ፣ ለክብሩ ስል ቁጥሩን ለማልጠራው ቀበሌ፣
የቀበሌ ቤት ተከራዮችን የገቢ ደረጃ ለሚያጣራው ኮሚቴ

ጉዳዩ፦ የተመቸን ሰዎች መሆናችን ስለተነገረን ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የተከበራችሁም አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእናንተንና የቤተሰቦቻችሁን ጤና እጠይቃለሁ። የመርሳ ሙቀት እንዳይበረታባችሁ፣ ደረጃ ስትወጡና ስትወርዱ ጉልበታችሁ እንዳይከዳችሁ፣ የማኅተማችሁም ቀለም እንዳይደርቅባችሁ ምኞቴ ነው። እኛ በእናንተ ውሳኔ መሠረት ደህና ብቻ ሳንሆን ተመችቶናልና ስለ እኛ አታስቡ።

እንዳትቸገሩ ራሴን ላስተዋውቅ። ውባለም አሰፋ እባላለሁ፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት የሰው ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ውስጥ ሳስቀምጥና «ነገ ይመለሱ» ስል ኖሬያለሁ። ባለቤቴ ፍፁም፣ ሲሪንቃ በሚገኘው የምርምር ማሳ ላይ የመስክ ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ የማሽላውን ዘለላ ሲለካና ሲቆጥር ይውልና ማታ ፀሐይ አክስላው ይመለሳል። ሁለት ሴቶች ልጆች አሉን፤ ቤተልሔም አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ሩት ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። ሁለቱም የተወለዱት ለአሥራ ስድስት ዓመት በተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት የደረሰን ደብዳቤያችሁ «ባልና ሚስቱ ሁለቱም ቋሚ ደመወዝተኞች በመሆናቸውና በአካል በተደረገው ምልከታ የተመቻቸ ኑሮ እንደሚኖሩ ስለተረጋገጠ፣ ቤቱን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለቅቀው ለችግረኛ እንዲያስረክቡ» ይላል። እኔ በሙያዬ ደብዳቤ አንድ ጊዜ አንብቤ የምረዳ ሴት ነኝ፤ ይህን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሌላ ሰው ደብዳቤ በስህተት እኛ ፋይል ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ብዬ ስሙን ሁሉ መረመርኩ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ስህተት እንደሚደረግ ከማንም በላይ እኔ አውቃለሁ። ስሙ የእኛ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. የተመቸው ሰው ማን እንደሆነ ስላስተማራችሁን እናመሰግናለን። እስከ ዛሬ ድረስ ምቾት የሚለካው ሰው በሚያገኘውና በሚያወጣው ይመስለን ነበር። ባለቤቴ ቢሯችሁ መጥቶ ልኩ ስንት ብር እንደሆነ ቢጠይቅ፣ መመሪያው በቤቱ ውስጥ ስንት ሰው ደመወዝ እንደሚበላ እንጂ ስንት እንደሚበላ እንደማይጠይቅ በትሕትና ተነገረው። ለነገሩ «ሁለት ደመወዝ» ሲሉት ከሩቅ እንደ ሁለት በሬ ያምራል፤ ጥንድ በሬ ላለው ገበሬ ደግሞ ማንም አያዝንለትም። የእኛዎቹ በሬዎች ግን ወሩ ሳይጋመስ ይተኛሉ፣ እየገፋን የምናርሰው እኛው ነን። ሁለት ደመወዝ ያለበት ቤት መዋጮም ሁለት ጊዜ እንደሚቆረጥበት፣ ዘመድም ሁለት እጥፍ ተስፋ እንደሚያደርግበት ኮሚቴው ሳይረሳው አይቀርም፤ የሥራ ብዛት ነው። ያልጠየቃችሁኝን ልናገርና፣ ለእኔ የተመቸው ቤተሰብ ማለት ልጅ በወሩ በሃያኛው ቀን ማሳል ስትጀምር እናትየዋ መጀመሪያ ልጅቷን የምታይበት ቤት ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነት ነው።

2ኛ. ለምልከታው እናመሰግናለን። እዚህ ላይ ጥፋቱ የራሴ ስለሆነ አልሸሽግም፤ በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ነው ነገሩ። «ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ቤታችሁ ድረስ ይመጣል» የሚለው ወረቀት ሲደርሰን፣ ፍፁም «ቤቱን እንዳለ ይዩት፣ ምንም አትንኪ» አለኝ። እኔ ግን ቤታችንን ዞር ብዬ አየሁት። በጦርነቱ ዓመት ከቤታችን ከወጣው ዕቃ የተመለሰልን ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የገዛነው አልጋና ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ነው። አምስት የተከበሩ ሰዎች መጥተው በሦስት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ነው፤ አንደኛው ወንበር ደግሞ እግሩ በሽቦ የታሰረ ነው። ገመናዬ አደባባይ ሊወጣ ነው ብዬ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በእኛ ሰፈር እንግዳ የሚመጣበት ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነው። ሽማግሌ ሲላክ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ የሩቅ ዘመድ ሲመጣ፣ ምንጣፉ ከአንዱ ብርጭቆው ከሌላው ይሰበሰባል፤ ይህ የማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ጎረቤቴ እትዬ ሩቂያ ጭንቀቴን ከፊቴ ላይ አነበበችና «አብሽሪ፣ እኔ እያለሁ አንቺ እንግዳ ፊት አታፍሪም» ብላ፣ ልጇ ከጅዳ በላከላት ገንዘብ የገዛችውን ሶፋ፣ ቴሌቪዥኑን፣ ምንጣፉንና ብርጭቆ የሞላውን ቡፌ በአራት ጎረምሳ አሸክማ አመጣችልኝ። እኔም እንቁላሏን እየሸጥን ደብተር የምንገዛባትን ዶሮ አረድኩ። እናንተም መጣችሁ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጣችሁ፣ ወጡን በላችሁ፣ እጄንም ባረካችሁ። ማንኛችሁም «ይህ የማን ነው?» አላላችሁም፤ እኔ በልቤ ጨዋነታችሁን አደነቅሁ። አለመጠየቅ የሰፈራችን ወግ መሆኑን እንጂ የኮሚቴውም አሠራር መሆኑን አላወቅሁም ነበር። በኋላ በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ «ሶፋ፣ አንድ፤ ቴሌቪዥን፣ አንድ፤ ቡፌ ከነብርጭቆው፣ አንድ፤ የአመጋገብ ሁኔታ፣ እጅግ ጥሩ» የሚለውን ሳነብ ዶሮዋ አሳዘነችኝ።

3ኛ. በማግስቱ ስላደረጋችሁት ምልከታ ደግሞ የተለየ ምስጋና አለኝ። አርብ ጠዋት ሸክም የሚያግዝ ሰው ስላልተገኘ የእትዬ ሩቂያ ዕቃ ገና እኔ ቤት ነበር፤ እናንተ ግን እንዲህ ትጉ ሰዎች ናችሁና በጠዋቱ የእሷን ቤት አንኳኳችሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ መስገጃዋ ላይ ተቀምጣ አገኛችኋት፤ «ከመስገጃና ከባልዲ በቀር ንብረት የሌላት፣ ረዳት የሌላት፣ እጅግ ችግረኛ» ብላችሁም መዘገባችኋት። ይህች ሴት እንኳን ችግረኛ ልትባል፣ በረመዳን ለሰፈሩ ድሃ የምታስፈጥር ናት። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃት ነበር፤ ዕቃዬ ጎረቤቴ ቤት ነው ብትል እናንተም ከማዶ ተሻግራችሁ ታዩ ነበር። አልተናገረችም። ለምን ዝም አልሽ ብዬ ባለቅስባት «ወላሂ፣ የአንቺን ገመና ገልጬ የእኔን ክብር ላድን? ይህስ ሀራም ነው» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ያፈርኩበትም፣ የተወደድኩበትም ቀን የለም።

4ኛ. አቤቱታችንን በፍጥነት ስላያችሁልን እናመሰግናለን፤ ውድቅ ለማድረግ የፈጀባችሁ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። እውነቱን ለመመስከር እትዬ ሩቂያ የዒድ ልብሷን ለብሳ አብራን መጣች፤ ሶፋውም ቴሌቪዥኑም የእኔ ነው፣ ደረሰኙም ይኸው፣ የእኔ ስም ከችግረኛ ዝርዝር ይሰረዝና የእነዚህ ልጆች ቤት ይቅርላቸው አለች። የተከበሩ ሰብሳቢ ፋይሏን አስወጥተው፣ መነጽርዎን አድርገው ካነበቡ በኋላ «እናቴ፣ በመዝገባችን መሠረት ሶፋ የለዎትም» አሏት። ደረሰኙን ስታሳይዎት፣ ሶፋ መግዛት የማይችል ሰው የሶፋ ደረሰኝ ከየት እንዳመጣ የሚጠይቅ ሌላ ክፍል እንዳለ አስታወሷት። መዝገብ ከሰው በላይ መታመኑ ለእኔ አዲስ አይደለም፣ እንጀራዬን የምበላው በዚሁ ነው፤ ስንቱን አረጋዊ «ፋይልዎ ላይ የለም» ብዬ እንደመለስኩ እግዚአብሔር ያውቃል። ይኸው ቃል በራሴ ደረት ላይ ተጽፎ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

5ኛ. ስለ መፍትሔው ከልብ እናመሰግናለን። ከመካከላችሁ አንድ ደግ ሰው፣ እንጀራው እንዳይቋረጥ ስሙን የማልጠራው፣ በረንዳው ላይ ተከትሎ ወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ችግሩ ሁለተኛው ደመወዝ እንደሆነ፣ አንዱ ከፋይሉ ቢወጣ ቤቱ እንደሚረጋልን መከረን። ሥራ ልቀቁ ማለቱ መስሎን ብንደነግጥ «ኧረ ሥራ አይደለም፣ የፍቺ ወረቀት ብታመጡ ነው፤ ስንቱ እያደረገው» አለን። በክፋት አላለውም፤ እንዲያውም ዓይኑ ላይ አዘኔታ ነበረ።

ለካስ መንገዱ ይህን ያህል አጭር ነው ብለን ወደ ቤት ሄድን። በሳምንቱ ግን ሌላ መንገድ እንሞክር ብለን የሚከራይ ቤት ስንፈልግ ዋልን። ሁለት ክፍል ያለው ቤት የሚጠየቅበት ኪራይ የእኔን ደመወዝ ሙልጭ አድርጎ ይወስዳል፤ ማለት ከቀበሌው ቤት በወጣን ማግስት በአንድ ደመወዝ የምንኖር ሰዎች ሆነን ለዚያው ለቀበሌው ቤት ብቁ እንሆናለን። ያን ጊዜ ግን ቤቱ ሰው ገብቶበታል። ወልድያ ብንሄድ ይብሳል፤ ግራና ከተማ ብንሄድ የሁለታችንም ትራንስፖርት ቀሪውን ይበላዋል። አንድ ክፍል ብንይዝስ ተባባልን፤ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ከአባቷ ጋር በአንድ ክፍል የት ልብሷን ትለውጣለች? የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ፣ እኛ የቸገረን ያገባነውን ፈታን። የፍቺ ስምምነታችንን ባለፈው ሰኞ ለፍርድ ቤት አስገብተናል።

ይህን በአደባባይ መጻፌ ዘዴውን ያበላሽብናል ብላችሁ ታስቡልኝ ይሆናል። አይመስለኝም። ወረቀትና እውነት ሲጣሉ ኮሚቴው ከማን ጋር እንደሚቆም አይቻለሁና ወረቀቱን ካመጣሁ ልባችንን የሚመረምር የለም።

ወሬው ግራና ደርሶ የባለቤቴ አጎት አያ ታደሰ በዚያው ሳምንት እሑድ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ሠርጋችን ላይ ቃል ያስገቡን እሳቸው ናቸው። በፕላስቲኩ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ጠየቁኝ፤ ይጠጣል ወይ? አይጠጣም አልኩ። እጁን ያነሣብሻል? አያነሣም። ሌላ ሴት? ኧረ እሱ ከማሽላው ሌላ የሚያውቀው የለም አልኩ፤ ሁለተኛው ሽማግሌ ሳይወዱ ሳቁ። ታዲያ ምን አገኘሽበት ሲሉኝ «አያ፣ ምንም አላገኘሁበትም፤ ተመችቷችኋል ተብለን ነው፣ አንቱም ይስሙት» ብዬ ቤተልሔምን ደብዳቤያችሁን እንድታነብላቸው አደረግሁ። ልጄ ማኅተሙ ድረስ አነበበችላቸው። አያ ታደሰ «በማጣት የተጣላ አስታርቄያለሁ፤ በጥጋብ የተጣላም አስታርቄያለሁ፤ ሳይጣሉ በትእዛዝ የሚለያዩትን ግን ከማን ጋር ላስታርቃቸው?» አሉ። ምሳ ቀርቦላቸው ሳይበሉ ተነሥተው ሄዱ፤ ሽማግሌ ቤታችን ገብቶ ሳይበላ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፤ ቁጣ ቢኖረኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ያጥር ነበር። ቁጣዬ አልቋል፤ የቀረኝ ድካም ነው፣ ድካም ደግሞ ወሬ ያበዛል። ቤቱ የሚሰጠው ችግረኛ ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኛ የባሰ እንደሚኖርም አልክድም። እሱንም እንዲህ አድርጋችሁ እንዳታዩት ብቻ እለምናችኋለሁ፤ ስትሄዱበት ያለውን ሁሉ ደብቆ ወይም የሌለውን ሁሉ ተውሶ ይጠብቃችኋልና፣ «የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ነውር ቢሆንም ጠይቁት። እኛን ባትጠይቁን ነው ዛሬ የተመቸን።

ውድ ጊዜያችሁን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ወንበራችሁ እንዲጸና፣ ገቢያችሁ ከአንድ ደመወዝ በላይ እንዳይገኝባችሁ፣ ትዳራችሁም መመሪያ እንዳይወጣበት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በየወሩ እስከ አሥራ ሁለት ቀን ድረስ የሚመቻት፣
ውባለም አሰፋ
(ፊርማ አለው፤ ማኅተሙ እናንተ ዘንድ ነው)

ግልባጭ፦
ለወ/ሮ ሩቂያ፣ ካላት ሶፋ ጋር ላልተስማማው ፋይሏ
ለአያ ታደሰ፣ ግራና፤ የሚያነብላቸው ሰው ሲገኝ
ለአቶ ፍፁም፣ ቀድሞ ባለቤቴ ለሚባለው

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦

ፍቺው እውነተኛ መሆኑን ለማጣራት ቤት ለቤት ትሄዳላችሁ የሚል ወሬ ስለሰማን፣ ፍፁም ማክሰኞ ማታ ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሲሪንቃ አንድ የሥራ ባልደረባው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ሊጋራ ሄደ። ጠዋት ሩት አባቷ ምን አጥፍቶ እንደሄደ ጠየቀችኝ። ምንም አላጠፋም ብላት «ያላጠፋ ሰው ከቤቱ አይወጣም» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ፤ ይኸው ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ እኔንም አታናግረኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ሁሉ መልስ ስጽፍ ኖሬ ለእሷ የሚሆን አንድ መስመር አጣሁ። ስለዚህ ከተቻለ በአድራሻዋ፣ «ለተማሪ ሩት ፍፁም፣ አባትሽ ምንም አላጠፋም» የሚል አንድ ደብዳቤ አጠር አድርጋችሁ፣ በትልልቅ ፊደል ጻፉላት። ማንበብ የጀመረችው ገና ዘንድሮ ነው።